የዘጠነኛው መደብ ውሃ

ዘጠነኛው መደብ ውሃ ጠጥቷል። መጠጣት አልነበረበትም።

ያወቅኩት በሚዛን ነው። መቶ ፍሬ ቆጥሬ ሚዛን ላይ አፈሰስኩ። አሥራ ስድስት ግራም። አላመንኩም፣ ሌላ መቶ ቆጠርኩ። አሥራ ስድስት። ዝናብ ብቻ ያገኘ አኩሪ አተር እኛ አፈር ላይ አሥራ ሁለት ከመዘነ ተመስገን ነው። ፍሬው ያንሳል፣ ይጨማደዳል፣ አንዳንዱም አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቃል። የዘጠነኛው ግን ክብ፣ ወፍራም፣ ቢጫ። የጠገበ ሰው ፊት ነው የሚመስለው።

የጣቢያችን ሥራ ከባድ አይደለም። አሥራ ሁለት መደብ አኩሪ አተር አለን። አራቱ ከዘር እስከ አጨዳ መስኖ ይጠጣሉ። አራቱ ፍሬ በሚሞሉበት ጊዜ ብቻ ይጠጣሉ። የቀሩት አራቱ ሰማይ የሰጣቸውን ነው፤ አንድ ጣሳ ውሃ እንኳ ክልክል። ሲታጨድ እኔ እመዝናለሁ፣ ፕሮቲኑንና ዘይቱን በማሽን አያለሁ። ከዚያ ዶክተሯ ወጥታ ለገበሬው ትናገራለች፤ በዚህ ጊዜ አጠጣ፣ በዚህ ጊዜ ውሃህን ቆጥብ። ዘጠነኛው ከደረቆቹ አንዱ ነው። እሱ ከዋሸ ዶክተሯም ሳታውቀው ትዋሻለች። ገበሬው አምኗት ውሃውን ይዘጋል። ከዚያ ሰብሉ ይደርቅበታል።

ማሽኑም ተናገረ። የሌሎቹ ደረቆች ፕሮቲን አርባ አንድ፣ ዘይት አሥራ ሰባት። የዘጠነኛው ፕሮቲን ሠላሳ ስምንት፣ ዘይት ሃያ። ፍሬ ሲሞላ ውሃ ያገኘ እህል እንዲህ ነው፤ ይወፍራል፣ ዘይቱ ይበዛል፣ ፕሮቲኑ ሳሳ ይላል። ሰው የጠጣውን ይደብቃል። ፍሬ አይችልበትም።

ዶክተሯ ጀርባዬ ቆማ ቁጥሩን አነበበች።

"ማን?" አለች።

"ምኑን ማን?"

"አታድክሚኝ። ወደ ደረቆቹ የሚወስደው የውሃ መክፈቻ ስንት ቁልፍ አለው?"

"አንድ።"

"ማን ጋ ነው?"

ታውቃለች። እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። "አባ ጠብታ ጋ" አልኩ።

አባ ጠብታ ውሃ ጠባቂያችን ናቸው። የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ፣ እዚሁ ግቢ ጥግ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ቤቷ የሥራው ናት። ሥራው ከሄደ ትሄዳለች። ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የቀራቸው።

"እስከ ስድስት ሰዓት ጽፈሽ ፈርሚ" አለች ዶክተሯ። "ውሃ ተሰጥቶት ከሆነ ተሰጥቶታል በይ። የቀረው የእኔ ነው።"

"የቀረው ምንድን ነው?"

"ዛሬውኑ ቁልፍ ያስረክባሉ። አንድ ዓመት የለፋንበትን ሙከራ ነው ያበላሹት።" በር ላይ ደርሳ ዞረች። "አጎትሽ መሆናቸውን አልረሳሁም። ለዚያ ነው አንቺ እንድትጽፊው የፈለግኩት።"

እኔንም ጠርጥራለች ማለት ነው። ይግረመኝ? እኔ ራሴ ከአምስት ሳምንት በፊት ነው አጎቴን መጠርጠር የጀመርኩት።

ያኔ የደረቆቹ ቅጠል ሁሉ መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ዘጠነኛው ግን ወደ ላብራቶሪው ባለው ጎኑ እንደለመለመ ነው። አንድ ቀን አለፍኩት። ሁለተኛ ቀን ቆምኩ። ማን ውሃ ሊሰጠው እንደሚችል ለማሰብ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ አጎቴ ወቅቱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ነው የከረሙት። "የውሃ በር በእጄ ይዤ ሰብል በጥም ሲሞት ልይ? ይሄ ሙከራ አይደለም፣ ግፍ ነው!" ዶክተሯ ፊት ብለውታል። ሾፌሩ ፊት ብለውታል። ለዛፍም ሳይናገሩ አልቀሩም።

ምን አደረግኩ? የመክፈቻው መዘውር ላይ ጥቁር ክር አሰርኩ። የተከፈተ እንደሆነ ይበጠሳል። አሥራ አንድ ቀን በየጠዋቱ አየሁት። አልተበጠሰም። ተረጋጋሁ? አልተረጋጋሁም። አጎቴ ሱሪያቸውን ራሳቸው ናቸው የሚሰፉት፤ ጥቁር ክር ቤታቸው ሞልቷል። በጥሰው መልሰው አስረውት ይሆናል አልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገና ሳይነጋጋ መጣሁ። አጎቴ በላብራቶሪው ግድግዳና በዘጠነኛው መደብ መሃል ቆመዋል። አካፋ ይዘዋል። ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ዝናብ ከጣለ ሁለት ሳምንት አልፎታል።

"ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"አይጥ።"

"በአካፋ?"

"ትልቅ አይጥ ነው።"

"ጭቃውስ?"

"አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው ፖሊስ የሆንሽው?" ብለው አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ ዞሩ። "ይልቅ ውሃ አታብዢ።"

ይቺ የእሳቸው ሰላምታ ናት። ጥርሴን ስቦርሽ "ውሃ አታብዢ"። ሳህን ሳጥብ "ውሃ አታብዢ"። አባ ጠብታ የተባሉት በከንቱ አይደለም። አልሰማኋቸውም። የሰማሁት ጭቃውን ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ተጠራጥሬ ዝም አልኩ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ። ይኸው ዛሬ ሚዛኑ ተናገረ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ራዲዮ መጣ። ራዲዮ መጋዘን ያዣችን ነው፤ ስሙን ያወጣንለት በወሬው ነው። ባዶ ከረጢት ልቁጠር አለ። ባዶ ከረጢት እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም።

"አባ ጠብታ አዘነቡ አሉ!" አለ ወንበር ስቦ።

"ማን አለ?"

"ግድግዳው።"

"ግድግዳው ሥራ የለውም?"

"ተይ እንጂ። ሽማግሌው አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። ቤቷን ግን አሁን ለማን ይሰጧት ይሆን? ጣሪያዋ ታፈሳለች እንጂ ጥሩ ቤት ናት።"

"ራዲዮ፣ ሂድ።"

"ልጠይቅ ብዬ ነው..."

"ሂድ አልኩ።"

ሄደ። ወረቀቱን አወጣሁ። "ዘጠነኛው መደብ" ብዬ ጻፍኩ። እጄ ቆመ። መፈረም ፈርቼ አልነበረም፤ ንዴት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣሪያ አብሬያቸው ኖሬ ዓይኔን እያዩ አይጥ ይሉኛል? ይሁን፤ ካልቀረ በደንብ ላረጋግጥባቸው አልኩ።

ፖስታዎቹ አሉኝ። እያንዳንዱ መደብ አሥር መስመር ነው። ሲታጨድ ከየመስመሩ ትንሽ ትንሽ ፍሬ በየፖስታው ይገባል። ደንቡ ግማሹን ደባልቆ መመዘን፣ የቀረውንም ደባልቆ በአንድ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። የመጀመሪያውን ደባልቄያለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ አላገኘሁም፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኝ ነው። አሥሩ ፖስታ እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

አንደኛው መስመር በቦዩና በመክፈቻው በኩል ነው። ውሃው በዚያ ከገባ ቀድሞ የሚጠጣው እሱ ነው፣ ወፍራሙም እሱ መሆን አለበት። መቶ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ግራም።

ሁለተኛው መስመር፣ አሥራ ሁለት። ሦስተኛውም አሥራ ሁለት። ጭምድድ ያለ፣ የተጠማ፣ ሐቀኛ ፍሬ። አራተኛው አሥራ ሦስት። አምስተኛው አሥራ አራት። ቆጠራዬን አፈጠንኩ። ስድስተኛው አሥራ ስድስት፣ ሰባተኛው አሥራ ስምንት፣ ስምንተኛው ሃያ፣ ዘጠነኛው ሃያ አንድ። አሥረኛው መስመር ሃያ ሁለት ግራም። ከጠጪዎቹ መደቦችም ይበልጣል።

ውሃው በመክፈቻው አልገባም። ከወዲያኛው ጫፍ ነው የመጣው።

በወዲያኛው ጫፍ ምን አለ? ግድግዳ። የማን ግድግዳ? የላብራቶሪው። ውጭ ምን ቧንቧ አለ? የለም። ውስጥስ?

ዞር ብዬ ገንዳውን አየሁት።

የሲሚንቶ ገንዳ ነው። የአኩሪ አተር ሥር የማጥበው እዚያ ነው። ሥሩ ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይመጣል፤ ወንፊት ላይ አድርጌ ውሃውን እለቅበታለሁ፣ አፈሩ ሄዶ ሥሩ እስኪቀር። ከዚያ ሥሩ ላይ ያሉትን ጉብጉቦች እቆጥራለሁ። አንዱን ሥር ማጥራት ሩብ ሰዓት ነው። ከአበባ ጀምሮ ፍሬው ሞልቶ እስኪያልቅ፣ አምስት ሳምንት፣ በየጠዋቱ ሃያ ሥር። ቧንቧውን ከፍቼ ሌላ ሥራ እሠራ ነበር። ውሃው የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። ውሃ አይደል፣ ይሄዳል።

አይ፣ አልኩ። ፍሳሹ በአጥሩ በኩል ወዳለው ጉድጓድ ነው የሚሄደው። ቱቦው ባለፈው ዓመት ነው የተቀየረው። የዘረጉት አጎቴ ናቸው።

ፍሬ ሞቶ እንደሆነ ለማየት የምናቀልምበት ቀይ መድኃኒት አለ። ሙሉ ጠርሙሱን ገንዳው ውስጥ ደፋሁትና ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፈትኩ። በጓሮ በኩል ዞሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ጠበቅኩ። ጉድጓዱ ደረቅ ነው፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ውሃ ያየ ጉድጓድ አይመስልም።

ወደ ዘጠነኛው መደብ ተመለስኩ። ከታጨደው አገዳ ሥር፣ አሥረኛው መስመር ላይ፣ መሬቱ መጀመሪያ ጠቆረ። ቀጥሎ ቀላ።

ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። አንድ ክንድ ሳይሞላ ቱቦውን አገኘሁት። ግራጫ ነው። አፉ ጆንያ ተጠቅጥቆበታል፣ ውሃው ግን በጆንያው መሃል እየመጣ ነው። ጫፉ በመጋዝ ልክክ ተደርጎ ተቆርጧል። ከጫፉ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድ ቦይ ተጀምሮ ነበር፤ ተንዶ ተደፍኗል። የአካፋ ሥራ ነው። ትልቁ አይጥ።

ግራጫ ቱቦ። እንደዚህ ያለ ግራጫ ቱቦ ሌላ ቦታ አይቻለሁ። በየሳምንቱ እሑድ ሥሩ ነው የማልፈው።

አጎቴ ቤት ስደርስ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። በሩ ክፍት ነው። መሬት ላይ ካርቶን አለ፤ ሁለት ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው ከተዋል። ሦስተኛውን እየጠቀለሉ ነው።

"ምን ያደርጋሉ?"

"ራዲዮ ዜናውን አሰማኝ።"

"ጋሼ፣ ያ ቱቦ ከየት መጣ?"

ቀና አላሉም። "የቱ?"

"ራስዎ ላይ ያለው። የጣሪያውን ውሃ የሚያወርደው።"

"ከሰማይ።"

"ስድስት ሜትር ነው?"

"ለካሽው እንዴ?"

"በዓይኔ።"

"ዓይንሽ የእናትሽ ነው፣ አይስትም።" ብርጭቆውን አስቀመጡት። "ስድስት ከሩብ።"

ተቀመጥኩ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሻለሁ።"

"መቼ?"

"ውሃ አታብዢ አላልኩሽም?"

"ይሄን እኮ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ነው የሚሉኝ! ውሃሽ ዘጠነኛው ውስጥ እየገባ ነው አይሉም?"

"እሱን ብልሽ በምን ገባ አትይም? ቱቦው ለምን አጠረ አትይም?" ፊታቸውን ጠረጉ። "ጣሪያው አልጋዬ ላይ ያፈስ ነበር። ቱቦ ስጡኝ አልኩ፣ የለም ተባልኩ። የፍሳሹን እንድዘረጋ ሲሰጡኝ ቆረጥኩት። መሬቱ ይመጠዋል፣ ማን ያያል ብዬ። አንቺ እንደዚህ ወንዝ ትለቂያለሽ ብዬ መቼ አሰብኩ። ኋላ ሳየው ጊዜው አልፏል። ቦይ ልቆፍርለት ብል ይናዳል፣ ጆንያ ብጠቀጥቅበት ያልፋል።"

"ቱቦውን መልሰው አይቀጥሉትም ነበር?"

"ሰው ሁሉ እያየኝ? ከጣሪያዬ አውርጄ?"

"እና ዛሬ መክፈቻውን ከፈቱ ሲሉዎት ዝም?"

አሁን ቀና አሉ። "ስሚ። ለተጠማ ሰብል ውሃ ሰጠ ብለው ቢያባርሩኝ፣ አባ ጠብታ አንጀቱ አልችል አለ ይባላል። ሰውም ያዝናል። ስድስት ሜትር ቱቦ ሰረቀ ከሚባል ያ አይሻልም?"

"ስድስት ከሩብ" አልኩ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

"እኔ ነኝ የምፈርመው ጋሼ። መክፈቻውን ከፈቱ ብዬ አልፈርምም።"

"እንግዲያ ቱቦውንም መጻፍ ይኖርብሻል።"

"አልጽፍም።"

"ለምን?"

"ጊዜ የለኝም።"

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ላብራቶሪ ገብቼ ሦስት መስመር ጻፍኩ። ዘጠነኛው መደብ ውሃ አግኝቷል። ውሃው የመጣው ከላብራቶሪው ገንዳ ነው። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ፈረምኩ። አሥሩን ፖስታ ይዤ ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ።

አነበበች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

"አጎትሽን ለማዳን ነው።"

"አይደለም።"

"ካልሆነ ምንድን ነው? በሦስት ሰዓት ውስጥ ገንዳ ጥፋተኛ ሆነ?"

ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም። ጠረጴዛዋ ላይ ፍሬዎቹን አሥር ቦታ ደፋሁላት፣ በየመስመራቸው። ከቀኝ የቦዩ፣ ከግራ የግድግዳው። መናገር አላስፈለገኝም። ቀኝ ጫፍ ያለው እንደ በርበሬ ፍሬ ኮስሷል፤ ወደ ግራ ሲመጣ ይሰፋል፣ ይሰፋል፣ መጨረሻው ይንከባለላል። ዶክተሯ ከአሥረኛው አንዱን አንስታ በጥፍሯ ተጫነችው። ከአንደኛው አነሳች። ከዚያ ተነሳች።

"አሳዪኝ።"

ቀይ መሬቱ ጋ ተንበረከከች፣ ከነነጭ ጋውኗ። የቱቦውን አፍ በጣቷ ዳሰሰች። እንደፈራሁት።

"ይሄ አልተሰበረም። በመጋዝ ነው የተቆረጠው።"

ወደ እኔ ቀና አለች።

"ማን ነው የዘረጋው?"

ራዲዮ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጀርባችን ቆሟል። ከኋላው ሁለት የቀን ሠራተኞች። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ውሸት እየፈለግኩ ነበር። አላገኘሁም፤ ውሸት ጊዜ ይፈልጋል።

"በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አለ ራዲዮ ቀስ ብሎ፣ ወደ ግቢው መሃል እያየ።

ዞርን። አጎቴ እየመጡ ነው። ግራጫውን ቱቦ ትከሻቸው ላይ አድርገዋል፤ የኋላው ጫፍ መሬት ይጎትታል፣ ጠጠሩን እየፋቀ ይጮኻል። ያ ጩኸት ከየቢሮው ሰው አወጣ። አልፈጠኑም። በጓሮ መምጣት ይችሉ ነበር። በመሃል መጡ።

ዶክተሯ እግር ሥር አስቀመጡት።

"የጎደለው ይሄ ነው። ውሃው የልጅቷ ይሁን። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ያፈስ ነበር።"

"ለምን አይጠይቁም አባ?"

"ጠይቄ ነበር። መጋዘን ሄጄ የለም ተባልኩ።"

ራዲዮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"መክፈቻውንስ?" አለች ዶክተሯ።

"አልከፈትኩም። ልቤ ከፍቶት ይሆናል። እጄ አልከፈተውም።"

"በምን አምንዎታለሁ?"

"ክር አስሬበት ነበር" አልኩ እኔ። "አሥራ አንድ ቀን አየሁት። አልተበጠሰም።"

አጎቴ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ጥቁሩን ክር? አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ ራዲዮን ነው የጠረጠርኩት!"

"እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?" አለ ራዲዮ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። እጇን ዘረጋች። አጎቴ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሰጧት። ቁልፉን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። እኔ ካርቶኑን ነበር የማስበው፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉትን ብርጭቆዎች።

"በውሃው አላጠፉም" አለች በመጨረሻ። "በቱቦው አጥፍተዋል። ደብዳቤ ይደርስዎታል። ለአንቺም ይደርስሻል።" ቁልፉን መለሰችላቸው። "ቱቦው ዛሬ ይቀጠል። ዘጠነኛው ከውጤቱ ይሰረዛል። አንተ ደግሞ..." ራዲዮን አየችው፣ "ለቤታቸው ቱቦ ፈልግ። የለም አትበለኝ።"

ሄደች። ትንሽ ሄዳ ተመለሰች።

"ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን አሥሩን እንዳትደባልቂያቸው።"

"መደቡ ተሰርዟል አላልሽም?"

"ሙከራ አይባልም። ግን ውሃ ፍሬን ምን እንደሚያደርግ እንደሱ ያሳየኝ የለም።"

ከሰዓት በኋላ እኔና አጎቴ ቱቦውን ቀጠልን። እሳቸው ቆፈሩ፣ እኔ ያዝኩ። ሲያልቅ ሜትር አወጣሁና ከግድግዳው እስከ ጉድጓዱ ለካሁ። አሥራ ሁለት ከሩብ።

"አሁንም ትጠረጥሪኛለሽ?"

"አዎ።"

"ጎበዝ። እንግዲህ ገብተሽ ውሃውን ክፈቺ። አታብዢ ታዲያ።"

ከፈትኩ። አላበዛሁም። "ደረሰ!" ሲሉ ከጉድጓዱ በኩል ተሰማኝ። ወጥቼ አሥረኛው መስመር ላይ ጣቴን ሰካሁ። የጠዋቱ እርጥበት አለ፣ አዲስ ውሃ የለም።

ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ያሰርኩትን ክር ልፈታ ወደ መክፈቻው ወረድኩ። ጥቁሩ እንዳሰርኩት ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ፣ መዘውሩ ስር፣ ሌላ ክር አለ። ነጭ። አጎቴ ሱሪያቸውን በሚሰፉበት ቋጠሮ የታሰረ፤ ለካ እሳቸውም ሲጠብቁት ነው የከረሙት። እሱም አልተበጠሰም።

ሁለቱንም ተውኳቸው።